ከዢቬርኒ እስከ ኪታጋዋ፦ የአንድ ኩሬ ታሪክ

ከጃፓን አራት ታላላቅ ደሴቶች ትንሿ ሺኮኩ ናት። በደቡብ ጠረፏ፣ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ፊት ለፊት፣ የኮቺ ከተማ ትገኛለች። ከኮቺ በስተምሥራቅ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ የሚሄደው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዘ በኋላ ናሃሪ በተባለች ጣቢያ ያበቃል። ከዚያ ወደ ተራራው ጥቂት ገባ ሲሉ ኪታጋዋ የምትባል የገጠር መንደር አለች። በዚህች መንደር ፈረንሳዊው ሰዓሊ ክሎድ ሞኔ በኖርማንዲ ያለማው የአትክልት ስፍራ አምሳያ ይገኛል። ቅዳሜን ለኪታጋዋ፣ እሁድን ለኮቺ የሰጠ መንገደኛ ሁለቱንም በአንድ የሳምንት መጨረሻ አይቶ ይመለሳል። የፈረንሳይ ኩሬ እዚህ ተራራ ሥር እንዴት እንደመጣ ለመረዳት ግን አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1600 በሴኪጋሃራ ሜዳ በተደረገው ታላቅ ጦርነት ቶኩጋዋ ኢያሱ ድል አደረገና የጃፓን ጌታ ሆነ። በዚያን ጊዜ ቶሳ ትባል የነበረችውን የዛሬዋን ኮቺ ይገዛ የነበረው የቾሶካቤ ቤት ከተሸናፊዎቹ ወገን ስለነበር ርስቱን ተነጠቀ። በምትኩ የተሾመው ያማኡቺ ካትሱቶዮ ነው። አዲሱ ገዥ በ1601 በከተማዋ መካከል ባለች ኮረብታ ላይ ግንብ አስጀመረ፣ በ1603 ገባበት፣ ሥራው ሁሉ በ1611 ተፈጸመ። ግንቡ በ1727 በእሳት ጋየ። ዛሬ የሚታየው ማማ ከዚያ በኋላ፣ በ1749፣ በቀድሞው መልክ የተሠራ ነው። በመላው ጃፓን ከጥንት የተረፉ የግንብ ማማዎች 12 ብቻ ናቸው። የኮቺው ከእነሱ መካከል ልዩ የሚሆነው ማማውም፣ ገዥው እንግዳ ይቀበልበት የነበረው እልፍኝም አንድ ላይ በመትረፋቸው ነው።

ያማኡቺ የመጣው ባዶ እጁን ሳይሆን የራሱን ወታደሮች አስከትሎ ነበር። እነሱ ከግንቡ ዙሪያ ሰፍረው ከፍተኛ ሳሙራይ ተባሉ። የቀድሞው ጌታ ሰዎች ግን ዝቅ ተደርገው በገጠር እያረሱ እንዲኖሩ ተደረገ። የበላይና የበታች ሳሙራይ ልዩነት በየአገሩ የነበረ ቢሆንም በቶሳ ግን መረር ያለ ነበር። አንዱ በመንገድ ላይ ለሌላው እጅ ይነሣል፣ ልብሱና ጫማው ሳይቀር ይለያል። ይህ ቁስል ከ260 ዓመት በኋላ ምን እንደሚያመጣ በዚያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም።

የከተማዋ ሕዝብ ግን ንግዱን ቀጠለ። በ1690 የቶሳ አስተዳደር ገበያ የሚቆምባቸውን ቀናት ወስኖ ፈቀደ። ገበሬው ሽንኩርቱንና ፍራፍሬውን፣ ቀጥቃጩ ቢላዋና ማጭዱን ይዞ ወደ ከተማ ይወርድ ጀመር። በኋላ፣ ጃፓን የሳምንቱን አቆጣጠር ከአውሮፓ ስትወስድ፣ ቀኑ በእሁድ ተወሰነ። ያ ገበያ እስከ ዛሬ ይቆማል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ተራራው እንሂድ። በ1838 በኪታጋዋ የአካባቢው ሹም ቤት አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙ ናካኦካ ሺንታሮ። አባቱ በእኛ አጠራር ጭቃ ሹም እንደምንለው ያለ፣ ግብር የሚሰበስብና የመንደሩን ነገር የሚዳኝ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኮቺ ከተማ ከበታች ሳሙራይ ቤተሰብ ሌላ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ እሱም ሳካሞቶ ርዮማ ነው። ሁለቱ በአንድ ዘመን አደጉ። አሜሪካኖች በጦር መርከብ መጥተው በ1854 የጃፓንን ወደብ በግድ ሲያስከፍቱ ሁለቱም ገና ወጣቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሺኮኩን መታ። ናካኦካ ለተቸገሩት የመንደሩ ሰዎች እህል እየዞረ ይለምን እንደነበር፣ ደግሞም በየጓሮው ዩዙ እንዲተክሉ ያበረታታ እንደነበር በኪታጋዋ እስከ ዛሬ ይነገራል። ዩዙ ሎሚ መሰል፣ ሽታው የሚያውድ፣ ጭማቂው ለምግብ ማጣፈጫ የሚሆን ፍሬ ነው። ጨውና ቅመም ለጠፋበት ድሃ ቤት መድኃኒት ነበር። ይህች ፍሬ በታሪካችን መጨረሻ ላይ ያልታሰበ ሚና ስላላት አንባቢ ልብ ይበል።

ናካኦካና ርዮማ ሁለቱም አገረ ገዥያቸውን ጥለው ኮበለሉ። ያን ጊዜ ይህ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ የጃፓንን ታሪክ አዞረው። በጠላትነት የሚተያዩትን የሳትሱማንና የቾሹን ገዥዎች እየተመላለሱ አስታረቁ፤ በ1866 ሁለቱ ወገኖች ቃል ኪዳን አሰሩ። የቶኩጋዋን መንግሥት የጣለው ይህ ኅብረት ነው። አስታራቂዎቹ ግን ፍሬውን አላዩም። በ1867 መጨረሻ በኪዮቶ ከተማ በአንድ ነጋዴ ቤት ፎቅ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነፍሰ ገዳዮች ገቡባቸው። ርዮማ እዚያው ሞተ፣ ዕድሜው 31 ነበር። የ29 ዓመቱ ናካኦካ ሁለት ቀን ቆይቶ አረፈ። በሚቀጥለው ዓመት የሜይጂ ዘመን ተጀመረ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር አንሥቶ ማለፍ ግድ ይላል። በ1889 የወጣው የሜይጂ ሕገ መንግሥት፣ በ1931 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለሰጡት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አርአያ ሆኗል፤ ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙና ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን፡ ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ከኪታጋዋ ጭቃ ሹም ቤት የወጣው ልጅ የተሳተፈበት ለውጥ አዲስ አበባ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

ርዮማና ናካኦካ በተገደሉበት በዚያው በ1867 ዓመት በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ነበር። ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃዋን አምጥታ አሳየች። ፓሪስ ውስጥ በዚያን ወቅት አንድ የ26 ዓመት ሰዓሊ ነበር፤ ክሎድ ሞኔ። በ1840 ፓሪስ ተወልዶ በለ ሃቭር ወደብ አደገ። በ1867 ለመንግሥቱ የሥዕል ትርኢት ያቀረበው ትልቅ ሥራ በአትክልት ስፍራ ውስጥ ያሉ ሴቶችን የሚያሳይ ነበር። ሥዕሉን ከደጅ ሆኖ በእውነተኛው ብርሃን ለመጨረስ ብሎ መሬት ቆፍሮ ቦይ አበጀ፤ የሸራውን ላይኛ ክፍል ሲሠራ ሸራውን በገመድ ወደ ቦዩ ያወርደዋል፣ እሱ ካለበት ሳይነሣ ይቀባል። ዳኞቹ ሥዕሉን መለሱት። ይህ ሰው ለአትክልት ሲል መሬት መቆፈርን የጀመረው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደቦቹ ከተከፈቱ ወዲህ የጃፓን ሸቀጥ በመርከብ ወደ አውሮፓ ይጎርፍ ነበር። ከሸቀጡ ጋር ኡኪዮ-ኤ የሚባሉት የእንጨት ህትመት ሥዕሎች መጡ። በጃፓን እነዚህ ሥዕሎች ርካሽ ነበሩ፤ ተራው ሰው እንደ ዛሬ ፖስተር ገዝቶ የሚለጥፋቸው። ሆኩሳይ ማዕበልና ተራራ፣ ሂሮሺጌ ዝናብና ድልድይ፣ ኡታማሮ ሴቶችን ሠርተዋል። ለፓሪስ ሰዓሊዎች ግን ትምህርት ቤት ሆኑላቸው፦ ጥላ የሌለው ጥርት ያለ ቀለም፣ ግማሹ ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ የቀረ ዛፍ፣ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ውሃ። ሞኔ እነዚህን መሰብሰብ ያዘ። በፓሪስ ከተቀመጠው ጃፓናዊ ነጋዴ ከሀያሺ ታዳማሳ ይገዛ ነበር። ዛሬ ከ200 በላይ የሚሆኑት በቤቱ ግድግዳዎች ላይ ተሰቅለው ይታያሉ፤ ቢጫ በተቀባው የምግብ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው በእነሱ ተሞልቷል። ሞኔ ጃፓንን በዓይኑ አላየም። የሚያውቃት ከእነዚህ ወረቀቶች ነው።

በ1883 የጸደይ ወራት ሞኔ ዢቬርኒ በምትባል የኖርማንዲ መንደር ቤት ተከራየ። ያን ጊዜ ሚስቱ ካሚ ከሞተች አራት ዓመት ገደማ ሆኗታል። ሁለት ልጆቹን፣ በኋላ ያገባትን አሊስ ሆሼዴንና ስድስት ልጆቿን ይዞ ነበር። ገንዘብ የለውም፣ ዕዳ ግን አለው። በዚያው ክረምት ከጓደኛው ከሬኗር ጋር ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ወረደ፤ በ1884 መጀመሪያ ብቻውን ተመልሶ በጣልያን ቦርዲጌራ የዘንባባውንና የሎሚውን አገር ሣለ። ሥዕሎቹ እየተሸጡለት ሲሄዱ በ1890 የዢቬርኒውን ቤት ገዛው። ከቤቱ ፊት ያለውን የፖም ማሳ ወደ አበባ መደብ ለወጠው። ቀይ ከቢጫ፣ ወይን ጠጅ ከነጭ እያደረገ የሚተክለው ሸራ ላይ ቀለም እንደሚያስቀምጥ ሰው ሆኖ ነው፤ አትክልተኞቹም ውለው አድረው እስከ ሰባት ደረሱ።

በ1889 በፓሪስ ሌላ ዓለም አቀፍ ትርኢት ተደረገ፤ የኤፌል ግንብ የተመረቀበት ነው። ከትርኢቱ ጥግ በአንዱ የውሃ አበባዎች ነበሩ። ቅጠላቸው ውሃ ላይ ተንጣሎ የሚተኛ፣ አበባቸው ከመካከሉ ቀና ብሎ የሚወጣ የኩሬ ተክሎች ናቸው። አውሮፓ እስከዚያን ጊዜ ብርድ የሚችለውን ነጩን ብቻ ነበር የምታውቀው። ላቱር-ማርሊያክ የሚባል የደቡብ ፈረንሳይ ሰው ግን ነጩን ከሙቅ አገር ዝርያዎች ጋር እያዳቀለ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ደማቅ ቀይ አውጥቶ ነበር። ሞኔ አየ፤ ልቡም እዚያው ቀረ።

በ1893 ከቤቱ ማዶ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ያለውን ረግረግ መሬት ገዛ። ከኤፕት ወንዝ የሚለይ አንድ ትንሽ ጅረት በዚያ ያልፋል፤ ጅረቱን ጠልፎ ኩሬ ለማበጀት ለአስተዳደሩ ማመልከቻ አስገባ። የመንደሩ ሰዎች ተነሡበት። ምክንያታቸው አሁን ሲሰሙት ያስገርም ይሆናል፦ ይህ የከተማ ሰው ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ተክል ውሃው ውስጥ ከጨመረ ውሃው ይመረዛል፣ ከታች ያሉ ከብቶች ይጠጡታል፣ ሴቶች ልብስ ያጥቡበታል። እኔ አልፈርድባቸውም። ለገበሬ ውሃው ሕይወቱ ነው። ሞኔ ግን በቁጣ ደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለዓይን ደስታና ለሚስለው ሥዕል እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ አስረዳ። በዚያው ዓመት በጋ ፈቃዱ ወጣ።

በኩሬው ጠባብ ጫፍ ላይ ከጃፓን ህትመቶቹ ያየውን የመሰለ ደጋን ድልድይ አሠራ። በጃፓን እንዲህ ያለ ድልድይ ብዙ ጊዜ ቀይ ይቀባል፤ እሱ አረንጓዴ አደረገው። በዳርቻው ቀርከሃ፣ አኻያና አይሪስ ተከለ፤ በኋላ በድልድዩ ላይ ዊስቴሪያ የተባለውን ሐረግ አሳደገበት። በ1901 ጎን ያለውን መሬት ገዝቶ ኩሬውን አሰፋው። አንድ አትክልተኛ ሥራው ኩሬው ብቻ ነበር። በማለዳ በትንሽ ጀልባ ይገባል፤ የጠወለገውን አበባ ይቀነጥሳል፣ ሻጋታውን ይጠርጋል፣ ከባቡሩ የሚወርደውን ጥቀርሻና ከመንገዱ የሚነሣውን አቧራ ከየቅጠሉ ላይ ያጥባል። ሞኔ ወጥቶ መቀባት ሲጀምር ውሃው ሰማይን የሚያሳይ መስታወት መሆን አለበት። አቧራው አልቆም ሲል በደጁ የሚያልፈውን የመንደር መንገድ በራሱ ገንዘብ ሬንጅ አስቀባው።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነለትም፤ ሰማያዊው። ሰማያዊ የውሃ አበባ የሙቅ አገር ተክል ነው። ዝርያው በአባይ ተፋሰስና በምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆችና ረግረጎች በራሱ ይበቅላል። ሞኔ ከላቱር-ማርሊያክ ሰማያዊዎችን አስመጥቶ ሞከረ፤ የኖርማንዲ ብርድ ፈጃቸው። ሰማያዊውን ያገኘው ሸራው ላይ ብቻ ነበር።

ድልድዩን ደጋግሞ መሣል የጀመረው በ1899 ነው። በ1909 በፓሪስ ባቀረበው ትርኢት ላይ 48 የኩሬ ሥዕሎች ነበሩ። ድልድዩ ጠፍቷል፣ ዳርቻው ጠፍቷል፤ የቀረው ውሃ፣ አበባና የሰማይ ነጸብራቅ ነው። ከዚያ መከራው ተከታተለ። በ1911 አሊስ ሞተች። በ1912 በዓይኖቹ ላይ ሞራ መጋረዱ ታወቀ። በ1914 የበኩር ልጁ ዣን ሞተ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነትም ተነሣ። ሽማግሌው ግን ትልልቅ ሸራ ዘርግቶ ይሠራ ነበር። በኅዳር 1918 ጦርነቱ ባበቃ ማግስት ለወዳጁ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለክሌማንሶ ጽፎ ሥዕሎቹን ለአገሩ አበረከተ። በ1923 አንድ ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ተሠራ። በታኅሣሥ 1926 በ86 ዓመቱ አረፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት በፓሪስ ኦራንዠሪ ሁለት ሞላላ ክፍሎች በእነዚያ የውሃ አበባ ሥዕሎች ተከፈቱ።

ከመሞቱ በፊት ጃፓን ራሷ ወደ ኩሬው መጥታ ነበር። ማትሱካታ ኮጂሮ የተባለ የመርከብ ሥራ ኩባንያ ኃላፊ ለአገሩ ሰዓሊያን ሙዚየም ለማቋቋም አስቦ በአውሮፓ ሥዕል ይገዛ ነበር። በ1921 ዢቬርኒ ድረስ ሄዶ ከሰዓሊው እጅ ሥዕሎችን ገዛ። የሕልሙን ሙዚየም ሳያይ ሞተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ መንግሥት ይዞት ከነበረው ስብስብ አብዛኛውን ሲመልስ፣ በ1959 ቶኪዮ ውስጥ የምዕራባውያን ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ተከፈተ። ጃፓናውያን ለሞኔ ያላቸው ፍቅር የዘመን ፋሽን አይመስለኝም። በእሱ ውስጥ የአያቶቻቸውን ህትመት ያያሉ።

የዢቬርኒው ቤት ግን እየወደቀ ሄደ። የሰዓሊውን ዓይንና እጅ ሆና የረዳችው የእንጀራ ልጁ ብላንሽ በ1947 ከሞተች በኋላ ኩሬውን የሚያስብለት ጠፋ። ሁለተኛው ልጁ ሚሼል በ1966 በመኪና አደጋ ሲሞት ንብረቱን ለፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተናዞ ነበር፤ ሥዕሎቹ ፓሪስ ወዳለው የማርሞታን ሙዚየም ገቡ። የውሃ አይጦች የኩሬውን ዳርቻ ቦርቡረውት፣ ድልድዩ በስብሶ፣ የሥዕል ቤቱ መስታወት ተሰባብሮ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ዤራልድ ቫን ደር ኬምፕ የአሜሪካ በጎ አድራጊዎችን ገንዘብ አሰባስቦ አሳደሰው፤ የአትክልቱን ሥራ ዢልቤር ቫዬ መራው። በ1980 ለሕዝብ ተከፈተ።

በዚያ ዘመን ኮቺም ስትወድቅና ስትነሣ ኖራለች። በሐምሌ 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን አቃጠሉ፤ ግንቡ ግን ተረፈ። በታኅሣሥ 1946 የመሬት መንቀጥቀጥና ማዕበል መታት። ሕዝቡን ለማነቃቃት ታስቦ በ1954 ዮሳኮይ የተባለው የነሐሴ ጭፈራ ተጀመረ፤ ጨፋሪዎቹ በእጃቸው የሚያንኳኩት ናሩኮ፣ ገበሬ ከማሳው ወፍ የሚያባርርበት የእንጨት ማንሿሿ ነው። ኪታጋዋ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በጫካዋ ኖረች። ከተራራው ግንድ የሚያወርድ የደን ባቡር በአካባቢው ነበር፤ ግድብ ሲሠራ፣ በ1963፣ ቀረ። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ። ያ የናካኦካ ዩዙ ግን ቀረ፤ የመንደሪቱ ዋና ሰብል ሆነ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ገንዘብ በተትረፈረፈበት ዘመን መንደሪቱ አንድ ሐሳብ ነበራት፦ መሬት አዘጋጅቶ በዩዙ ወይን የሚጠምቅ ፋብሪካ ማስገባት። መሬቱ ተዘጋጀ። ኢኮኖሚው ድንገት ሲወድቅ ግን ኩባንያው ቀረ፤ መንደሪቱ የተስተካከለ ባዶ መሬት ታቅፋ ቀረች። ከመንደሩ ጽሕፈት ቤት የአበባ ስፍራ እናድርገው የሚል ሐሳብ መጣ፤ ከዚያም የሞኔ ስም ተነሣ። ከአንድ ሺህ ጥቂት መቶ የማይበልጥ ሰው ያላት፣ መሬቷ ከሞላ ጎደል ሁሉ ደን የሆነ መንደር ናት። የዓለምን ዝነኛ የአትክልት ስፍራ ስም መጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ እነሱ ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳይ ድረስ ሄዱ።

በዢቬርኒ ያገኙት ቫዬን ነው። እሱ የመንደሩን ሰዎች እንደ ነጋዴ አላያቸውም፤ ሥራቸውን ለማየት ጃፓን ድረስ መጣ፣ የመሬቱን አቀማመጥ ተመለከተ፣ መከራቸው። የማርሞታን ሙዚየም ኃላፊ የነበሩት ሰዓሊ አርኖ ዶትሪቭም ደገፏቸው። በመጨረሻ «የሞኔ አትክልት» የሚለው ስም ከነማርሞታን ተሰጣቸው። ከዢቬርኒ ውጭ ይህን ስም በፈቃድ የሚጠራ ቦታ ይህ ብቻ ነው። ከዋናው ኩሬ የተከፈሉ የውሃ አበባዎችም ተላኩላቸው። በሚያዝያ 2000 በሩ ተከፈተ።

ሥራው እንደ ፎቶ ኮፒ አልነበረም። በሺኮኩ በጋ ከባድ ሙቀትና ዝናብ አለ፣ ታይፉን ይመጣል፤ በኖርማንዲ የሚስማማው ተክል ሁሉ እዚህ አይኖርም። አትክልተኞቹ የማይጸናውን በሌላ ተኩ፤ ቀለሙንና የብርሃኑን ነገር ግን ያዙ። እኔ ከዚህ ሁሉ ትልቁን ቁም ነገር የማየው በሰማያዊው አበባ ላይ ነው። በዢቬርኒ ብርድ የገደለው ሰማያዊ የውሃ አበባ በኪታጋዋ ከሰኔ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ያብባል። ሰፌድ ከሚያህለው ቅጠል መካከል ግንዱ ከውሃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል፤ የአበባው ቅጠሎች ሹል ናቸው፣ ጫፋቸው ሰማያዊ፣ ወደ ውስጥ እየነጣ ይሄዳል፣ መሐሉ ቢጫ ነው። ነጩና ሮዙ ውሃውን ተጣብቀው ሲተኙ እሱ ብቻ ቆሞ ይታያል። ሞኔ የተመኘውን እነዚህ የዩዙ ገበሬዎች አይተውታል።

በ2002 ከኮቺ አጠገብ ካለችው፣ ጎመን ከተባለችው ጣቢያ ተነሥቶ ናሃሪ የሚደርሰው የባቡር መስመር ተከፈተ፤ መንደሪቱም ከከተማው ጋር ቀረበች። በ2020 ከሦስቱ የአትክልቱ ክፍሎች አንዱ ለሞኔ የ1884 ጉዞ መታሰቢያ ሆኖ ታደሰ፤ ቦርዲጌራ ተባለ፣ የሜዲትራኒያን ተክሎችም ተተከሉበት። የቀሩት ሁለቱ የውሃውና የአበባው ክፍሎች ናቸው።

የዛሬው መንገደኛ ቅዳሜ ጠዋት ከኮቺ በባቡር ይነሣል። ሐዲዱ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ስለተሠራ ውቅያኖሱ ከመስኮቱ ሥር ይዘረጋል፤ በጎኑ ክፍት ሰገነት ያላቸው ባቡሮችም አሉ። በየጣቢያው የተለያየ የካርቱን ምስል አለ፤ የሣለው «አንፓንማን»ን የፈጠረውና በዚሁ አውራጃ ያደገው ያናሴ ታካሺ ነው። ከናሃሪ አውቶቡሱ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መጀመሪያ ወደ ኩሬው መሄድ ይሻላል፤ የውሃ አበባ የጠዋት ነገር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይከደናል። ጊዜ ከተረፈ የናካኦካ የተወለደበት ቤት አምሳያና መታሰቢያ ሙዚየሙ እዚያው መንደር ውስጥ ናቸው።

ማታ ኮቺ ሲመለሱ እራቱ የታወቀ ነው፦ ካትሱዎ ኖ ታታኪ። ካትሱዎ የሚባለውን የባሕር ዓሣ ሥጋ በወፍራሙ ሸንሽነው በብረት መደርደሪያ ላይ ያኖሩና የሩዝ ገለባ ያቀጣጥላሉ። ነበልባሉ ሽቅብ ይዘልላል፤ ላዩ እስኪጠቁር ድረስ ይለበለባል፣ ውስጡ ጥሬ እንደሆነ ይወጣል። ተቆርጦ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ይበላል። የገለባው ጭስ ሥጋው ላይ ይቀራል፤ ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሐበሻ የሚከብድ ምግብ አይደለም።

እሁድ ያ በ1690 የተወሰነው ገበያ ነው። ከግንቡ በር ፊት ለፊት በሚዘረጋው ሰፊ መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል 300 ገደማ ጉልቶች ይሰለፋሉ። አሮጊቶች ከማሳቸው ያመጡትን ዝንጅብል፣ ጎመን፣ ዩዙና የቤት ኮምጣጤ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ በቶሳ ቀጥቃጮች የተሠራ ቢላዋ በአንዱ ጠረጴዛ፣ በዘይት የተጠበሰ ስኳር ድንች በሌላው። ስኳር ድንቹ በሊጥ ተነክሮ ትኩሱን በወረቀት ከረጢት ይሰጣል፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቢሆንም መቆም ይገባል። ከዚያ ግንቡን ወጥቶ ከማማው ላይ ከተማዋን ማየት፣ ከ1904 ጀምሮ በሚሠራው ትራም መዞር፣ ወይም ወደ ጎዳይ ተራራ ወጥቶ በ1958 የተከፈተውን የማኪኖ ዕፅዋት ስፍራ መጎብኘት ይቻላል። ማኪኖ ቶሚታሮ የዚሁ አውራጃ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይጨርስ የጃፓንን ዕፅዋት ስም ያወጣ፣ በ94 ዓመቱ እስኪሞት ሣር ሲሰበስብ የኖረ ሊቅ ነው።

ለሥራም ለትምህርትም ጃፓን ያላችሁ፣ ወይም በዚያ ልታልፉ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ቶኪዮና ኪዮቶን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ሰማያዊውን ማየት ከፈለጋችሁ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ኪታጋዋን ቅዳሜ ማለዳ አድርጉት፣ ገበያው ከእሁድ በቀር አይቆምምና ኮቺን ለእሁድ አቆዩ። ክረምት ላይ፣ በፈረንጆች ጥርና የካቲት፣ የአትክልት ስፍራው ስለሚዘጋ በዚያን ጊዜ አትድከሙ።